ከጎንደር አትላንቲክ ማዶ፦ የትራንዚት ኤርፖርት እንዴት ይመረጣል?

ኅዳር ከገባ ስልኬ እረፍት የለውም። አንዱ ከዴንቨር ይደውልና «ለጥምቀት ልመጣ ነው፤ በፍራንክፈርት ይሻለኛል በኢስታንቡል?» ይለኛል። ማራኪ ሰፈር ያሉት ጎረቤቴ ደግሞ «ልጄ ትኬት ልካልኝ ነበር፤ የት የት እንደሚያሳርፈኝ እስቲ አንብብልኝ» ብለው ወረቀቱን አራት እጥፍ አጥፈው ይዘው ይመጣሉ። የትኬት ቢሮ የለኝም። እናቴን፣ ሁለት አክስቶቼንና አንድ አጎቴን ስሸኝና ስቀበል የተማርኩትን ነው የምናገረው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ተጓዡ በእጁ የያዘው ወረቀት ምን እንደሆነ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ ርካሹ ትኬት ቦሌ ላይ ይቀራል።

1. ትራንዚት ማስፈለጉን እዩ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ተነሥቶ ዋሽንግተን፣ ኒውዋርክ፣ ቺካጎና ቶሮንቶ በራሱ አውሮፕላን ይገባል። ተጓዧ እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ከሆኑና ልጃቸው ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙትና ያንኑ ቁረጡ። የሁለት መቶ ዶላር ልዩነት ለሳቸው ጭንቀት አይበቃም።

እሱም ቢሆን ሲሄድ መሀል ላይ ለነዳጅ ያርፋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ግን ቆላ ነው፤ ስለዚህ ሲመለስ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። የሚያርፍበት ከተማ በየጊዜው ይቀያየራል፤ ደብሊን የነበረበት ጊዜ አለ፣ ሎሜም አለ። ተሳፋሪው ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው አይነሣም። እናቴ ይህን ሳልነግራት ቀርቼ «ደረስን» ብላ ዕቃዋን ልታወርድ ስትል አጠገቧ የተቀመጠ ልጅ ነው ያስቀራት። ለሽማግሌ አስቀድማችሁ ንገሩ።

በአውሮፓ ማለፍ የሚያዋጣው መቼ ነው? ተጓዡ የሚሄደው እንደ ሲያትል፣ ዳላስ ወይም ዴንቨር ወዳለ ሩቅ ከተማ ሲሆን፣ ጉዞው ሁለት ቦታ ቢከፈል እግሩ የሚያርፍለት ሲሆን፣ ወይም የዋጋው ልዩነት እውነትም ትልቅ ሲሆን ነው። አውሮፓ ልጅ ወይም ወንድም ኖሮት ጎራ ብሎ ማደር የሚፈልግም አለ። እሱ ግን ትራንዚት ሳይሆን ጉብኝት ነው፤ ሙሉ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም እርስ በርስ ድንበር የማይፈትሹት የአውሮፓ አገሮች የሚሰጡት የጋራ መግቢያ፣ ይጠይቃል።

2. ከዋጋው በፊት ፓስፖርቱን አንብቡ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል። ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ ታገሡኝ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባወጣው የቪዛ ደንብ ላይ፣ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የትራንዚት ቪዛ የሚጠየቁ 12 አገሮች ተዘርዝረዋል። ኢትዮጵያ ከነሱ አንዷ ናት፤ ኤርትራና ሶማሊያም አሉበት። ማለትም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻውን ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን አያስቀይርም።

ደንቡ ግን በር አለው። በፓስፖርቱ ላይ ያልተቃጠለ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ሰው የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ አይጠየቅም። ያንን ቪዛ ተጠቅሞ ሲመለስም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካ ግሪን ካርድ የያዘም ነፃ ነው፤ የሸንገን ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም እንዲሁ። ስለዚህ እናታችሁ የአሜሪካ ቪዛ ተመቶላቸው ከሆነ ፍራንክፈርት፣ ቪየና ወይም ሮም ላይ ከትራንዚቱ ክልል ሳይወጡ አውሮፕላን መቀየር ይችላሉ።

እንግሊዝ የራሷ ደንብ አላት። ለንደን ላይ ለማለፍም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በመደበኛው የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ያልተቃጠለ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ከያዘ ግን ከኤርፖርቱ ሳይወጣ ለሚያደርገው ቅያሪ አይጠየቅም። አየርላንድም ከሸንገን ውጭ ናት፤ ደብሊንን በጀርመን ደንብ አትመዝኑ። ስዊዘርላንድ ደግሞ የኅብረቱ አባል ሳትሆን ሸንገን ውስጥ ናት፤ ዙሪክና ጄኔቭ እንደ ፍራንክፈርት ይታያሉ። ቱርክ ሸንገን አይደለችም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ቦታ ከአውሮፓም አልፎ አትላንቲክ ማዶ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ቶሮንቶ ላይ የሚቀይር ትኬት በርካሽ ያገኛል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአሜሪካ ቪዛ ኖሮት እንኳ በካናዳ ለማለፍ የካናዳ ትራንዚት ቪዛ ማውጣት አለበት። ክፍያ የለውም፣ ግን ጊዜ ይበላል። በተቃራኒው ወደ ካናዳ የሚሄድ ሰው በአሜሪካ ማለፍ ከፈለገ የአሜሪካ ቪዛ ግድ ይለዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ኢሚግሬሽን ሳያልፉ ትራንዚት ማድረግ የሚባል ነገር የለም።

ቤተሰብ አብሮ ሲጓዝ መንገዱን የሚወስነው አነስተኛ መብት ያለው ፓስፖርት ነው። ልጁ አሜሪካዊ ሆኖ እናቱ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው ከሆነ፣ ኤርፖርቱን በሳቸው ፓስፖርት ምረጡ። አለበለዚያ ልጁ ሆቴል ሲገባ እናት ወንበር ላይ ያድራሉ።

ደንቦቹ ይቀየራሉና ትኬት ከመክፈላችሁ በፊት ባለው ሳምንት የየአገሩን ኤምባሲ ገጽ እዩ። ቦሌ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው ቲማቲክ የሚባለውን የአየር መንገዶች የሰነድ መመዝገቢያ ነው። እሱ እምቢ ካለ የእናንተ ክርክር አይሰማም።

3. ሸንገን ውስጥ ከአንድ ኤርፖርት በላይ አትንኩ

በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ካለ ይህን ይያዝ።

አክስቴ ወደ ሲያትል ሲሄዱ አዲስ አበባ ያለ አንድ ትኬት ቆራጭ ከአዲስ አበባ ሮም፣ ከሮም ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ሲያትል ብሎ ቆረጠላቸው። የአሜሪካ ቪዛ ነበራቸው፤ «እንግዲህ ምን ይጎድላል» ብለን ሸኘናቸው። ቦሌ ላይ መለሷቸው። ከሮም ፍራንክፈርት መብረር ለሸንገን እንደ አገር ውስጥ በረራ ነው፤ ከጎንደር አዲስ አበባ እንደማለት። ሮም ላይ የድንበር ቁጥጥር አልፎ መግባት ይጠይቃል። የትራንዚት ነፃነቱ ለዚያ አይሠራም። አክስቴ ያመጡትን ድርቆሽ ዘመድ ቤት ቁጭ ብለው በአራት ቀን ጨረሱት፤ ትኬቱ በቅጣት ተቀየረ።

ስለዚህ ትኬቱን ስታዩ የከተሞቹን ስም በተራ ጻፉ። ከቦሌ በኋላ ሸንገን ውስጥ ያለ ስም ሁለት ጊዜ ከመጣ ያ ትኬት የሸንገን ቪዛ ለሌለው ሰው አይሆንም። ሮም ከዚያ ፍራንክፈርት፣ ቪየና ከዚያ ሙኒክ፣ ዙሪክ ከዚያ ሊዝበን፣ ሁሉም ያው ነው። አንድ የሸንገን ኤርፖርት፣ ከዚያ ቀጥታ ባሕሩን መሻገር።

አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ኤርፖርት መኖሩንም አትርሱ። ኢስታንቡል ላይ ትልቁ አዲሱ ኤርፖርትና በእስያ በኩል ያለው ሳቢሃ ጎክቼን የተለያዩ ናቸው። ለንደን ሂትሮውና ጋትዊክ፣ ፓሪስ ሻርል ደጎልና ኦርሊ፣ ሚላን ማልፔንሳና ሊናቴም እንደዚሁ። ትኬቱ በአንዱ አሳርፎ በሌላው የሚያስነሣ ከሆነ ከተማውን አቋርጦ መሄድ ነው፤ እሱም መግቢያ ቪዛ ይጠይቃል። የከተማውን ስም ብቻ አትመኑ፤ ትኬቱ ላይ ያሉትን ሦስት የኤርፖርት መለያ ፊደላት አስተያዩ።

4. አንድ ትኬት ይሁን

ስልክ ላይ ሲፈለግ ከሁሉ ርካሽ ሆኖ ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሁለት የማይተዋወቁ አየር መንገዶች ተጣብቀው ነው። በትንንሽ ፊደል «ራስዎ ይሸጋገራሉ» የሚል ነገር ይጻፍበታል። ትርጉሙ፦ ፍራንክፈርት ላይ ሻንጣህን ራስህ አውጣ፣ እንደገና ቼክ ኢን አድርግ፣ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅህም፣ ገንዘብህም አይመለስም። ሻንጣ ለማውጣት ደግሞ ድንበር መሻገር አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ይህ በሩ ዝግ ነው።

አንድ ትኬት ሲሆን ግን ሻንጣው ከቦሌ ተለጥፎ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ በሚቀጥለው የማሳፈር ግዴታው የአየር መንገዱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር አባል ነው። ሉፍታንዛ፣ ዩናይትድ፣ ኤር ካናዳ፣ ኦስትሪያን እና የቱርክ አየር መንገድም በዚያው ማኅበር ናቸው። እነዚህን አጣምሮ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር የተቆረጠ ትኬት ፈልጉ። ሁለት ቁጥር ከተሰጣችሁ «ሻንጣው እስከ መጨረሻው ይለጠፋል ወይ?» ብላችሁ ቁርጡን ጠይቁ።

5. ሰዓቱን በሁለቱም አቅጣጫ አስሉ

ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች በአብዛኛው ሌሊት ተነሥተው ጎህ ሲቀድ ይደርሳሉ። አትላንቲክን የሚሻገሩት ደግሞ ከአውሮፓ የሚነሡት ረፋድና ቀትር ላይ ነው። ስለዚህ ሲሄዱ ያለው ጥበቃ በተፈጥሮው ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት ይሆናል፤ ደህና ነው።

ሲመጡ ይገለበጣል። ከአሜሪካ ማታ የተነሣው አውሮፕላን አውሮፓ በጠዋት ያርፋል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚነሣው ግን ብዙ ጊዜ ማታ ነው። አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ኤርፖርት ውስጥ መዋል ማለት ነው። ትኬት የሚያዩ ሰዎች መሄጃውን ብቻ ተመልክተው «ጥሩ ነው» ይላሉ፤ መመለሻውን የሚያየው ተጓዡ ብቻ ነው፣ ያውም ወንበር ላይ ተቀምጦ።

አየር መንገዱ የሚሸጥላችሁ ዝቅተኛ የመቀያየሪያ ጊዜ እጅግ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ፍራንክፈርት ላይ 45 ደቂቃ ይበቃል ተብሎ ይሸጣል። ኤርፖርቱን እንደ አራዳ ገበያ ለሚያውቀው ይበቃ ይሆናል። በእኔ ሚዛን ግን ለወጣት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ለሽማግሌ አራት። ወደ አሜሪካ የሚነሣ በረራ መሳፈሪያ በሩ (ጌቱ) ላይ እንደገና የሰነድ ምርመራና ጥያቄ ስላለው ሰው ቀደም ብሎ መድረስ አለበት።

አሁን ወደ እኛ ሰዓት። ትኬቱ ላይ «ጃንዋሪ 15፣ 00:35» ቢል ብዙ የጎንደር ሰው ጥር 7 ቀን ማታ ይሄዳል። አውሮፕላኑ ግን ሄዷል። በፈረንጅ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ለእኛ ግን ያ ጥር 6 አምሽቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ35 ነው። ተጓዡ ጥር 6 ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት ጽፋችሁ ስጡ። ለትራንዚቱ ግን በዚያ አገር ሰዓት ጻፉ፤ ሰሌዳው ላይ የሚያዩት እሱን ነው። ጀርመን በክረምታቸው ከእኛ በ2 ሰዓት፣ በበጋቸው በ1 ሰዓት ወደኋላ ነው። ኢስታንቡል ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ለእናቴ ይህ ብቻ ትልቅ እረፍት ነበር፣ የእጅ ሰዓቷን አልነካችውም።

ከጎንደር እስከ ቦሌ ያለውንም በዚሁ ሒሳብ አስገቡ። አዘዞ ካለው ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ክረምት ላይ ዝናብና ጭጋግ በረራ ያዘገያል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ የቀኑን የመጨረሻ በረራ አትመኑ፣ ጠዋቱን ያዙ ወይም አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም እንደ ልብ አይደለም። የጎንደሩ በረራ ከውጭው ጋር በአንድ ትኬት ከተቆረጠ ሻንጣው ከአዘዞ ተለጥፎ ይሄድ እንደሆነ እዚያው ቼክ ኢን ላይ ጠይቁ።

ለጥምቀት የሚመጡት ደግሞ ተቃራኒውን ያስቡ። ከተራ ጥር 10 ነው፤ የጎንደር በረራዎች በዚያ ሳምንት አስቀድመው ይሞላሉ። ጊዜው የአሜሪካና የአውሮፓ ብርድ የሚብስበት ነው። ቺካጎና ኒውዋርክ በረዶ ሲጥል በረራ ይሰረዛል፣ ፍራንክፈርትም ክንፍ ለማጠብ አውሮፕላን ያሰልፋል። ጥር 9 ማታ ቦሌ የሚያሳርፍ ትኬት ገዝቶ በማግሥቱ ጎንደር ልግባ ያለ ሰው ታቦቱን በቴሌቪዥን ያየዋል። ጥር 7 ቦሌ ግቡ።

6. ቢያመልጠኝስ ብላችሁ ጠይቁ

ኤርፖርት ሲመረጥ ማንም የማያነሳው ጥያቄ ይህ ነው። ከዚያ ከተማ ወደ አዲስ አበባ በቀን ስንት በረራ አለ? አንድ ብቻ ከሆነና ካመለጠ 24 ሰዓት ይጠበቃል። አንዳንዱ ከተማ ደግሞ በየቀኑም የለውም። ከፍራንክፈርት የኢትዮጵያም የሉፍታንዛም በረራ ስላለ አንዱ ቢያመልጥ ሌላ የመሞከሪያ ዕድል አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ የት ይታደራል የሚለው ነው። አየር መንገዱ ሆቴል ቢሰጥ እንኳ ሆቴሉ ከድንበሩ ውጭ ነው፤ የሸንገን ቪዛ የሌለው ሰው አይወጣም። ስለዚህ በትራንዚቱ ክልል ውስጥ ማደሪያ ያለው ኤርፖርት ይመረጣል። ፍራንክፈርት ተርሚናል 1 ዜድ ክፍል ውስጥ ማይ ክላውድ የሚባል የትራንዚት ሆቴል አለ፣ በሰዓት ይከራያል። ኢስታንቡልም ዮቴል ኤር በትራንዚቱ ክልል ውስጥ ክፍል አለው። ርካሽ አይደሉም። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ጥበቃ ግን ከትኬቱ ዋጋ ጋር ደምራችሁ አወዳድሩ፤ አንዳንዴ «ውድ» ያላችሁት ትኬት ያኔ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

ፍራንክፈርት በራሱ ሰዓት፣ በእኛ አጠራር ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አይነሣበትም አያርፍበትም፤ ከ2011 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ማታ የመጨረሻውን ያጣ ሰው እስኪነጋ ምንም የለውም።

7. ሕንጻውን እወቁ

ሁሉንም አላወዳድርም፤ የምናልፍባቸው ጥቂት ናቸው።

ፍራንክፈርት ሰፊና አድካሚ ነው፤ ግን የስታር አሊያንስ አየር መንገዶች ተርሚናል 1 ላይ ስለሆኑ ከኢትዮጵያ ወደ ሉፍታንዛ ወይም ዩናይትድ ሲቀየር ሕንጻ አይቀየርም። ኤ እና ዜድ አንድ ሕንጻ ላይ ናቸው፤ ታች ኤ የሸንገን ነው፣ ላይ ዜድ ከሸንገን ውጭ ለሚሄድ። ዜድ የሚል ጌት ከተጻፈ ወደ ላይ እንጂ ወደ ፓስፖርት መስኮት አትሂዱ።

ቪየና ትንሽ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፣ ሰው አይጠፋም። ከዚያ ኦስትሪያን ወደ ዋሽንግተንና ቺካጎ ይበራል። ለብቻቸው ለሚጓዙ ሽማግሌ ከአውሮፓ ኤርፖርቶች እኔ የማስቀድመው ይህን ነው፤ የሚመች ቀን ከተገኘ።

ሂትሮው ላይ ኢትዮጵያ፣ ዩናይትድና ኤር ካናዳ ተርሚናል 2 ናቸው። ወደ ሌላ ተርሚናል የሚወስድ ትኬት ከሆነ አውቶቡስ አለ፣ ፍተሻም አለ፤ ሰዓት ጨምሩ። ሻርል ደጎልን ግን ያለ ብርቱ ምክንያት አልመርጠውም፤ ተርሚናል 2 ራሱ በፊደል በፊደል ተከፋፍሎ ከአንዱ ወደ ሌላው መንገድ ነው።

ኢስታንቡል አንድ ተርሚናል ነው፤ ቢሆንም ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ከፒያሳ ወደ ፋሲል ግንብ ወርዶ ተመልሶ መምጣት ያህል ይደክማል። ጥቅሙ ከዚያ ሲያትል፣ ዳላስ፣ ዴንቨር፣ ሂዩስተንና አትላንታ ቀጥታ መብረሩ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሌላ አውሮፕላን መቀየር አያስፈልግም። ጉዳቱ ጉዞው እኩል አይከፈልም፤ ከቦሌ ኢስታንቡል ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ከዚያ ወዲያ ያለው አሥራ አንድና ከዚያ በላይ ነው። ፍራንክፈርት ላይ ግን ሰባትና ዘጠኝ ገደማ ነው። እግራቸው የሚያብጥ ሰው ካለ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

8. ሻንጣ

ወደ አሜሪካ በሚሄድ ትኬት ሻንጣው እስከ መጨረሻው ከተማ ቢለጠፍም አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ የሚያርፉበት ኤርፖርት ላይ ወርዶ ጉምሩክ ማለፍና እንደገና ለበረራው መስጠት አለ። ለወላጆች ይህን መንገር የሚረሳ ብዙ ነው። አውሮፓ ላይ ግን አይነካም።

በእጅ የሚያዘው ላይ ተጠንቀቁ። ከቦሌ መጥቶ አውሮፓ ላይ የሚቀይር ሰው እንደገና ይፈተሻል። በብዙው ኤርፖርት ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ አያልፍም፤ ማርና ቅቤም እንደ ፈሳሽ ነው የሚታዩት። በርበሬና ሽሮም ቢሆን ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ከ2018 ጀምሮ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፣ ሊወረስም ይችላል። በትልቁ ሻንጣ ይግባ። ቋንጣ አሜሪካ አይገባም፤ እናት እንደምንም ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው እንደሚከቱት አውቃለሁ፣ እየለመናችሁ አስወጡ። ያለው ምግብ ሁሉ ጉምሩክ ላይ ይነገር፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።

9. ለሽማግሌ፦ ዊልቸርና አንዲት ወረቀት

መራመድ የሚችሉም ቢሆኑ ዊልቸር አስይዙላቸው። «እኔ ሽባ ነኝ ወይ?» ብለው የሚቆጡ አሉ፤ ጎረቤቴ ተቆጥተው ነበር። ጥቅሙ እግር ማሳረፉ ብቻ አይደለም። የሚገፋው ሠራተኛ ጌቱን ያውቃል፣ ፍተሻውን አብሮ ያልፋል፣ ቋንቋ ሳይጠይቅ ያደርሳል። አውሮፓ ውስጥ ይህ አገልግሎት በሕግ በነፃ ነው፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በአየር መንገዱ በኩል መጠየቅ ግን ይገባል። ቦሌ ላይ ብቻ የተባለ ዊልቸር ፍራንክፈርት ላይ ላይጠብቅ ይችላል፤ «በሁሉም ኤርፖርት» መመዝገቡን አረጋግጡ።

የጾም ወቅት ከሆነ የጾም ምግብም አብሮ ይታዘዝ። በሌሎች አየር መንገዶች ቪ-ጂ-ኤም-ኤል የሚል ኮድ ያለው ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ነው። ሁለቱም በረራ ላይ ለየብቻ ይመዝገብ።

መድኃኒት፣ መነጽር፣ የልጃቸው ስልክና አድራሻ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ኤምባሲው የታሸገ ፖስታ ሰጥቷቸው ከሆነም እንዳይከፈት እዚያው ይቀመጥ። ሃምሳ ዩሮ በጥሬው ያዙላቸው፤ ብር እዚያ ውኃ አይገዛም። ትራንዚት ላይ ካልደወሉ ተጨንቃችሁ ከተማውን እንዳታምሱ፣ «ኢንተርኔት ባይኖር አትደውሉ» ተባብላችሁ ተለያዩ።

መጨረሻ ላይ አንድ ካርቶን ወረቀት ቁረጡ። በአንድ በኩል በእንግሊዝኛ፦ ስማቸው፣ አማርኛ ብቻ እንደሚናገሩ፣ የሚሄዱበት ከተማ፣ የበረራ ቁጥሩና የተቀባዩ ስልክ። በሌላው በኩል ለሳቸው በትልልቁ በአማርኛ፦ «መጀመሪያ የማርፈው ቪየና። እዚያ ከሕንጻው አልወጣም። ይህን ወረቀት የደንብ ልብስ ለለበሰ ሠራተኛ አሳያለሁ። ሻንጣዬን አልጠይቅም። ሻንጣ የማወርደው ዋሽንግተን ነው።» በክር አንገታቸው ላይ አታንጠልጥሉት፤ ጎረቤቴ «እንደ በግ» ብለው ጥለውት ነበር። ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ። አዘዞ ከመድረሳችሁ በፊት ታክሲ ውስጥ አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ፣ ማንበብ የማይችሉ ከሆነም በቃል ይበሉት።